የለውዝ ቅቤ ፍሪጅ ውስጥ ነው ወይስ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው?

የማሂ እናት (አዲስ አበባ)
ሰላም ለሁላችሁም። ቤታችን ውስጥ ያልተቋጨ ክርክር አለ፤ እባካችሁ የምታውቁ አግዙኝ።

የለውዝ ቅቤ የምሠራው ራሴ ነኝ። አንድ ኪሎ ለውዝ እገዛለሁ። በብረት ምጣድ እቆላለሁ፣ አሽቼ በሰፌድ አነፍሳለሁ፣ ከዚያ ብሌንደሩን እያሳረፍኩ እፈጫለሁ። ትንሽ ጨው፣ አንዳንዴ ደግሞ ሁለት ማንኪያ ማር እጨምራለሁ። ሌላ ምንም የለውም። ማሂ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ዳቦ ላይ ቀብቼ ነው የምሰጣት።

እኔ ፍሪጅ አስገባዋለሁ። ባለቤቴ አውጥቶ መደርደሪያ ላይ ይመልሰዋል። «ድንጋይ ሆኖ ዳቦውን ይቀደዋል» ይላል። እውነቱን ነው፣ ይቀደዋል። ሰሞኑን እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ነበር፤ እሷም ከእሱ ወገን ሆነች። «ኑግና ሰሊጥ ወቅጠን ስንበላ ማን ፍሪጅ ነበረው?» አለችኝ።

ግን ባለፈው መደርደሪያ ላይ የቆየው ሁለት ወር ተኩል ገደማ ሲሆነው ተበላሸብኝ። ሻጋታ አላየሁበትም። ሽታው ግን የከረመ ዘይት ሆነ፤ ሲቀምሱትም ጉሮሮ ይይዛል። ግማሽ ጠርሙስ ጣልኩ። ለውዝ ዛሬ በስንት እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ። አንጀቴ ነው ያረረው።

ሌላው ደግሞ፣ ላዩ ላይ ዘይት ይወጣል። እሱን እየቀነስኩ እደፋዋለሁ። ትክክል ነኝ?

አዳነች 77
ፍሪጅ። እኔ የተፈጨ ነገር ውጭ አላሳድርም።

የእህል ሰው
እህቴ፣ ምግብ ሳይንስ ነው የተማርኩት፤ ዘይትና የቅባት እህል ላይ ሠርቻለሁ። ከቦታው በፊት ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን እንይ።

ለውዝ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ሙሉ ፍሬ ሆኖ ሳለ ዘይቱ በጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል። ስትፈጪው ያ ሁሉ ግድግዳ ይፈርሳል፤ ዘይቱ ከአየር ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። አየሩ ቀስ እያለ ዘይቱን ይለውጠዋል። ሙቀትና ብርሃን ደግሞ ያፋጥኑታል። አንቺ ያገኘሽው የከረመ ዘይት ሽታ ይኸው ነው። ጀርም አይደለም፤ ዘይቱ ራሱ አርጅቶ ነው።

ሻጋታ ያላየሽውም ለዚህ ነው። በደንብ በተቆላ ለውዝ ውስጥ የሚቀረው ውሃ በጣም ትንሽ ነው። ሻጋታም ባክቴሪያም ለመራባት ውሃ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ለንጹህ የለውዝ ቅቤ ፍሪጅ ዋና ሥራው ዘይቱ ቶሎ እንዳያረጅ ማድረግ ነው። እንደ ወተት ወይም እንደ ወጥ «አንድ ቀን ውጭ ካደረ ተበላሸ» የሚባል ነገር የለም።

እናትሽም የተናገሩት እውነት አለው። እነሱ ግን ለዛሬ የሚበቃውን ዛሬ ነበር የሚወቅጡት። የተወቀጠ ኑግ ሦስት ወር አላስቀመጡም።

አዲስ አበባ ውስጥ ከምድጃ ርቆ፣ ፀሐይ የማይገባበት መደርደሪያ ላይ አንድ ወር ያለ ችግር ይቆያል። ከዚያ በላይ የምታቆዪው ከሆነ ፍሪጅ አስገቢው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እዚህ አሜሪካ ሁለቱም ዓይነት ቤቴ አለ። አንዱ ጀርባው ላይ ለውዝና ጨው ብቻ ነው የሚለው። ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ይግባ ተብሎ ተጽፎበታል። ሌላው ልጆቼ የሚወዱት ለስላሳው ነው። ስኳርም፣ የረጋ የአትክልት ዘይትም አለበት። እሱ ፍሪጅ አያስፈልገውም ይላል።

እና ከሱቅ ለሚገዛው መልሱ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ብዙ ሰው ሳያነብ ነው የሚከራከረው። የእኔ እህት ለስላሳውን ፍሪጅ ከትታ፣ ለውዝና ጨው ብቻ ያለውን መስኮት ላይ አስቀምጣ አግኝቻታለሁ።

የእህል ሰው
በትክክል። ያ የረጋ ዘይት ከጠቅላላው 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆን ነው። ግን የለውዙን ዘይት ይዞ ያቆመዋል፤ ወደ ላይ እንዳይወጣ። ይህን ዘዴ ለንግድ ያበቃው ጆሴፍ ሮዝፊልድ የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ.። ከዚያ በፊት ባለሱቆች በርሜል ውስጥ ያለውን እያማሰሉ ነበር የሚሸጡት። ተቀማጭነቱ አጭር ስለነበር ራቅ ወዳለ ከተማ መላክ አስቸጋሪ ነበር።

እዚያ አገር የሚሰጠው የተለመደ ምክር የፋብሪካው ከተከፈተ በኋላ መደርደሪያ ላይ ሁለት ሦስት ወር፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሪጅ የሚል ነው።

የማሂ እናት
እግዜር ይስጥልኝ። ዘይቱስ? ስደፋው ከርሜያለሁ። ጠርሙሱ ታች ላይ ያለው እየደረቀ አፈር መሰለ።

የእህል ሰው
አትድፊው እህቴ። የደረቀብሽ ዘይቱ ስለሄደ ነው። የምትደፊው ዘይት የገዛሽው ለውዝ ነው፤ ለስላሳ የሚያደርገውም እሱ ነው።

ክዳኑን በደንብ ግጠሚና ጠርሙሱን ገልብጠሽ አንድ ሌሊት አሳድሪው። ዘይቱ ራሱ በውስጡ ይመለሳል። ጠዋት በደረቅ ቢላ ከታች ጀምረሽ አማስዪው፤ ከዚያ ፍሪጅ አስገቢ። የለውዝ ዘይት ወደ 3 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መርጋት ይጀምራል። ፍሪጅ ውስጥ ስለሚወፍር ተለይቶ አይወጣም። የሚጠነክረውም ለዚሁ ነው። የፍሪጁ በር ላይ ካደረግሽው ደግሞ ከውስጡ ይልቅ ሞቅ ስለሚል ትንሽ ይለዝባል። ዳቦው እንዳይቀደድ ሻይ ስትጥጂ አውጪው፤ ሻዩ እስኪፈላ ይለሰልሳል።

ጉለሌ ሰፈር
እኔ በፍሪጅ አልስማማም። እኛ ሰፈር መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ይቀዘቅዛል፣ ይሞቃል። ክዳኑ ላይ ውሃ ያዝላል። ያ ውሃ ወደ ውስጥ ቢገባስ? በደረቅ ቦታ ብትተወው አይሻልም? ጣዕሙም ፍሪጅ ውስጥ ይሞታል። የሽንኩርት ሽታም ይጠጣል።

የእህል ሰው
የሽታው ነገር እውነት ነው ወንድሜ፤ ቅባት የጎረቤቱን ሽታ ይስባል። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የብርጭቆ ዕቃ ይሻላል። ውሃ የሚያዝለውም ቀዝቃዛ ጠርሙስ በሞቃት አየር ውስጥ ተከፍቶ ሲቆይ ነው። የሚበቃውን ቆንጥሮ ቶሎ መክደን ነው። መብራት ስለሄደ ብቻ ግን አትጣሉት። ፍሪጅ ውስጥ ካለ ሥጋና ወተት ጋር አንድ አይደለም።

የሻይ ቤት ልጅ
ስለ ውሃ ካነሳችሁ እኔም ያየሁትን ልንገራችሁ። ሦስት ዓመት ሻይ ቤት ሠርቻለሁ። የለውዝ ሻይ እንሸጥ ነበር፤ በተለይ ክረምት ላይ ሰው ይወደዋል። የለውዝ ቅቤው በትልቅ የፕላስቲክ ባልዲ ነበር የሚቀመጠው፣ ከሻዩ ማሽን አጠገብ።

ሥራ ሲበዛ አንድ ማንኪያ ነው የሚሠራው። ብርጭቆው ውስጥ ያማስላል፣ ተመልሶ ባልዲው ይገባል። ውሃም፣ ሻይም፣ ስኳርም ይዞ ነው የሚገባው። አንድ ጠዋት ስንከፍተው በጎኑ በኩል፣ ማንኪያው ሁልጊዜ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ አረንጓዴ ነገር በቅሏል። ሌላው ቦታ ንጹህ ነው። «ቆርሳችሁ ጣሉት» ተባልን። እኔ ግን እምቢ አልኩ፤ ተጣላን፤ በመጨረሻ ሁሉም ተደፋ።

ከዚያ በኋላ ደረቅ ማንኪያ ለብቻው በገመድ አንጠለጠልንበት። ማንም ሻይ ውስጥ እንዳይነክረው። ባልዲው ቦታውን አልለወጠም፣ ፍሪጅም አልገባም። ሻጋታ ግን ዳግመኛ አላየንም። ስለዚህ የማሂ እናት፣ የትም አስቀምጪው፣ ማንኪያውን ግን ተቆጣጠሪ። ልጆች ማንኪያውን ልሰው ይመልሱታል።

የማሂ እናት
ማሂ ትልሳለች 😊 ከዛሬ ጀምሮ ማንኪያ እኔ ብቻ ነኝ የምይዘው።

ከሪያድ
እህቶቼ፣ እዚህ ያላችሁ ተጠንቀቁ። የአዲስ አበባው መደርደሪያና የእኛው አንድ አይደለም። የምሠራበት ቤት ሰዎች ሐምሌ ላይ ለእረፍት ሄዱ። እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ኤሲው ጠፍቶ ቤቱ ተዘግቶ ከረመ። ውጭው ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ስንመለስ የለውዝ ቅቤው ላዩ ዘይት ብቻ፣ ታቹ ሸክላ ሆኗል። ሽታው ቤቱን ሞላው። የፋብሪካው ነበር፤ ግን ከተከፈተ ቆይቷል።

እዚህ በጋ ላይ የእኔ መልስ ፍሪጅ ነው። ክረምት ላይ ውጭ።

ድሬ ልጅ
ድሬዳዋ ነኝ፤ ያደግኩት ግን ባቢሌ ነው። እኛ ጋ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ ከሪያዷ እህቴ ጋር ነኝ።

ግን ይህን ሁሉ ስታወሩ ስለ ለውዙ ስለ ራሱ ማንም አላነሳም። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ዘመዶቼ ለውዝ ያመርታሉ። ባቢሌ፣ ፈዲስ፣ ጉርሱም፣ ያ አካባቢ በሙሉ የለውዝ አገር ነው። ለውዝ መሬት ውስጥ ነው የሚያፈራው። ፍሬው ሊደርስ ሲል ድርቅ ከመታው፣ ወይም ከተነቀለ በኋላ ዝናብ ካገኘው፣ ወይም ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ ከገባ ሻጋታ ይይዘዋል። በደንብ የደረቀ ለውዝ ከነቅርፊቱ ሲነቀንቁት ይንኳኳል። አባቴ እፍኝ አንስቶ ጆሮው አጠገብ ሳይነቀንቅ ጆንያ አይዘጋም ነበር።

ያ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይተዋል። ዓለም ያወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ነው። ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች (ተርኪ የሚባሉት) በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ምክንያቱ ሲፈለግ መኖ ውስጥ የገባ የተበከለ ለውዝ ሆኖ ተገኘ። ሰው ላይ ለዓመታት ከተጠራቀመ ጉበት ይጎዳል፣ የጉበት ካንሰር ያመጣል። የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል።

ፍሪጅ ይህን አያወጣውም። መቁላትም ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ከተፈጨ በኋላ ደግሞ ማንም ሊለየው አይችልም፤ ጥሩውም መጥፎውም አንድ ጠርሙስ ውስጥ ተደባልቋል። ስለዚህ ሥራው ከመፍጨት በፊት ነው። ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ ልቀሙት። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን፣ የተሰባበረውን፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ያለበትን አውጡ። ስትቀምሱት የሚመርረውን ትፉት። የተለቀመውን ለዶሮም አትስጡ።

ገበያ ላይ ርካሽ የሚባለው ስብርባሪ ለውዝ ብዙ ጊዜ ከለቀማ የተረፈ ነው። «ለመፍጨት ምን ቸገረኝ» ብላችሁ እሱን አትግዙ። ብዙ የምትበላው ልጅ ናትና ለእሷ ስትሉ ጥቂት ብር ጨምሩ።

የማሂ እናት
ወንድሜ እግዜር ያክብርልኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለት ጊዜ ስብርባሪውን ነው የገዛሁት። ሴትዮዋ «ለመፍጨት ይሄ ይሻላል» ብላኝ ነው። ልቤ ደነገጠ። ጎድቻት ይሆን?

ድሬ ልጅ
ሁለት ጊዜ ስለገዛሽ አትጨነቂ እህቴ። ጉዳቱ በመደጋገም ነው የሚመጣው። የተሰበረ ሁሉም የተበከለ ነው ማለትም አይደለም። ከአሁን በኋላ ሙሉውን ግዢና ልቀሚ።

የእህል ሰው
ድሬ ልጅ ትልቁን ነገር አነሳ። እኔ ዘይት ዘይት ስል ይህን ሳልጠቅስ ቀርቼ ነበር፤ ያለው ትክክል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጀርም አይራባበትም ማለት ጀርም አይኖርበትም ማለት አይደለም። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ በለውዝ ቅቤ ውስጥ ሳይራባ ለወራት በሕይወት ሊቆይ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ በ2008 እና በ2009 እ.ኤ.አ. በአንድ ድርጅት የለውዝ ምርት ከ700 በላይ ሰው ታሞ 9 ሰዎች ሞተዋል። የድርጅቱ ኃላፊ በ2015 እ.ኤ.አ. 28 ዓመት ተፈርዶበታል። ያኔም ፍሪጅ አላዳነም ነበር። ቤት ውስጥ ለውዙ ከተቆላ በኋላ የሚነካው እጅ፣ ሰፌድ፣ ብሌንደር ሁሉ ንጹህና ደረቅ ይሁን። ጥሬ ዶሮ የተከተፈበት ሰሌዳ አጠገብ አትፍጩ። ብሌንደሩን አጥባችሁ ወዲያው አትጠቀሙ፤ ይድረቅ።

የጤና ባለሙያ (ሶማሌ ክልል)
በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ፕላምፒ ናት አለ አይደል? እሱም የለውዝ ቅቤ ነው፤ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተጨምሮበት። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ነው፣ 500 ካሎሪ ይሰጣል። እዚህ ሙቀት ውስጥ ፍሪጅ በሌለበት ጤና ኬላ እናስቀምጠዋለን። ሳይከፈት ሁለት ዓመት ይቆያል።

የሚቆየው ለምን መሰላችሁ? አየርም ብርሃንም አይገባውም። ውስጡም ውሃ የለም። ከተከፈተ ግን የዚያኑ ቀን እንዲያልቅ ነው የምንመክረው። እናቶችን ስናስተምር «ውሃ አትቀላቅሉበት፣ ውሃውን ለብቻ አጠጡ» የምንለውም ለዚህ ነው። እና የማሂ እናት፣ ትልቁ ጠርሙስ በየቀኑ ሲከፈት ነው አየር የሚገባው። በትንንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተሽ ከፋፍዪው።

ከርሆቮት
እስራኤል ነው ያለሁት። እዚህ ልጆች ከጨቅላነታቸው ባምባ የሚባል የለውዝ መክሰስ ይበላሉ። እንግሊዝ አገር ካሉ አይሁድ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ የለውዝ አለርጂ በጣም ጥቂት ሆኖ ስለተገኘ በዚያ ላይ ትልቅ ጥናት ተሠርቷል። በ2015 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቀድመው የጀመሩት በአለርጂ ያልተያዙ ነበሩ፣ ብዙዎቹ። ከባድ የቆዳ ችግር ያለበት ሕፃን ካለ ግን መጀመሪያ ሐኪም።

የለውዝ ቅቤውን እኛ በጋ ፍሪጅ፣ ክረምት መደርደሪያ ነው።

እማማ ከሰበታ
ልጄ፣ ማር ትጨምሪበታለሽ ብለሻል። ማሂ ትምህርት ቤት ስለምትሄድ ለእሷ ግድ የለም። ግን ቤት ውስጥ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለ ማር ያለበትን አታቅምሺው። ነርሷ ልጄ ናት የነገረችኝ። ለሕፃን ወፍራሙን በማንኪያም አትስጪ፤ ጉሮሮው ላይ ይጣበቃል፣ ያንቀዋል። በሞቀ ውሃ አቅጥነሽ ነው።

የእህል ሰው
እማማ እውነትዎን ነው። በውሃ ወይም በወተት የቀጠነውን ግን መልሳችሁ ጠርሙስ አትክተቱ። ውሃ ከገባበት የለውዝ ቅቤ መሆኑ ቀርቷል፤ እንደ ማንኛውም ምግብ በቀኑ የሚበላ ነው።

ጉለሌ ሰፈር
ትንንሽ ጠርሙሱ አሳመነኝ። አንዱን ውጭ፣ ሌላውን ፍሪጅ። መብራቱም ያን ያህል አያሳስበኝም አሁን።

የማሂ እናት
ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ሙሉውን ለውዝ ገዛሁ። ኪሎው ከስብርባሪው ውድ ነው፣ ግን ገዛሁ። እኔና ባለቤቴ ሰፌዱን መሐላችን አድርገን ለቀምነው። ደህና ነው ካሉኝ ለውዝ ውስጥ አንድ የቡና ስኒ ሙሉ የጠቆረና የተጨማደደ ወጣ። አንዱን ቀመስኩት፤ መረረኝ። ያንን ስንት ጊዜ ፈጭቼ እንደነበር ሳስብ ሆዴ ባባ።

አራት ትንንሽ ጠርሙስ አጥቤ ፀሐይ ላይ አደረቅሁ። እስከ አፋቸው ሞላሁ። ሦስቱ ፍሪጅ ናቸው፤ አንዱ መደርደሪያ ላይ ነው፣ ከምድጃው ራቅ አድርጌ። እሱ ሲያልቅ ሌላ ይወጣል። አንዱ ጠርሙስ አሥር ቀን አይሞላውም። ባለቤቴ ዳቦው አይቀደድበትም፤ እኔም አልጥልም። ዘይቱንም አልደፋሁም። ገልብጬ አሳደርኩት፤ ጠዋት ሳማስለው እንደ ተወቀጠ ሰሊጥ ልስልስ አለ።

ለእናቴ ደውዬ ስለ ለቀማው ነገርኳት። «እኛማ ሳንለቅም መቼ ወቅጠን እናውቃለን?» አለችኝ።

ድሬ ልጅ
ደስ አለኝ እህቴ። ቀሪውን ጥሬ ለውዝ በምን አስቀመጥሽው?

የማሂ እናት
በፌስታል፣ ጓዳ መሬት ላይ።

ድሬ ልጅ
ከመሬት አንሺው። ፌስታልም ወበቅ ይይዛል። በጨርቅ ከረጢት አድርጊና ከፍ ብሎ አየር የሚያገኝ ደረቅ ቦታ ላይ ስቀዪው፤ በተለይ ክረምቱ ሳይገባ።